ሦስት ጊዜ የተሰጠ ሜዳ

መጀመሪያ ያየሁት ፔዳሉን ነው። የማሠልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ በነጂው በኩል፣ ሌላው በአሠልጣኙ በኩል። በእኔ በኩል ያለው ጎማው እንደ አዲስ ነው፤ መስመሮቹ እንኳ አልጠፉም። በእሱ በኩል ያለው ግን ጎማው ተልጦ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፤ ብረቱም ከመረገጥ ብዛት እንደ መስታወት ያበራል። የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ከጫማው ሥር አንዲት ትንሽ ጨረቃ ብቅ ትላለች። ይረግጣታል፣ ትጠፋለች፤ እግሩን ያነሣል፣ ትመለሳለች። የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ያሳለፍኩት መንገዱን ትቼ ያችን ጨረቃ እያየሁ ነው።

"ፊትሽን እዪ እንጂ! እግሬ ላይ ምን አለሽ?" አለኝ።

"ፍሬንዎ ያበራል፣ ጋሼ።"

"እሱ ባያበራ ኖሮ ይሄኔ ግንብ ውስጥ ነበርን" አለና ረገጠው። ከፊታችን ግንብ አልነበረም። ከፊታችን የነበረው ሣርና ሰማይ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ፍሬን ይለዋል። ፊት ለፊት እኔም አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ሜዳው ላይ ትቼው መጥቻለሁ። ታሪኩን የሰማ ይፍረደኝ።

የተወለደው ታች ሰፈር ነው። ያኔ ላይ ሰፈር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከተማው ገና ወደዚህ እጁን አልዘረጋም፤ ዳገቱ ላይ ያለው ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ተፈልጦ ቪላ መሆን ሲጀምር እሱ ለግንባታው ውሃ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ሆነ። ቦቴው ሞልቶ ይነሣና ጎድሎ ይደርሳል። ጥላ ባየ ቁጥር ፍሬን፣ ነፋስ ወረቀት ባነሣ ቁጥር ፍሬን፤ ውሃው በክዳኑ እየዘለለ አቧራውን ሲያጠጣ ይውላል። አሰናበቱት። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ አንድ ነገር ይማር ነበር። እሱ ግን አስተማሪ ሆነ።

አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና ገዛ፤ ጋራዥ ወስዶ ሁለተኛውን ፔዳል አስበየደ፤ ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ሰፈሮች መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። ማለፉንስ አልፏል፣ ፈተናውን ግን አብዛኛው ይወድቃል። የሚወድቁት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጥፋት ነው፦ ፍሬን መያዝ ይረሳሉ። ሲማሩ የያዘላቸው እሱ ነዋ! እግራቸው ያንን ሥራ የሌላ ሰው አድርጎ ቆጥሮታል። ፈታኙ "ቁም" ሲላቸው ዞር ብለው ፈታኙን ያዩታል፤ አንዱማ "ይያዙልኛ!" ብሎ ተቆጥቷል ይባላል። ይህን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንድ ሰው ስሕተቱን እንዲህ አድርጎ ለአንድ ከተማ ዳርቻ በሙሉ ሊያወርስ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

የሚያስተምርበት ሜዳ ላይ ሰፈርን ከታች ሰፈር ይለያል። የማዘጋጃ ቤቱ መሬት ነው። ከላይ በኩል ነጭ የግንብ አጥሮች ያዩታል፤ ከታች በኩል የዛጉ ቆርቆሮ ጣሪያዎች። ዝናብ ሲጥል የዳገቱን ጎርፍ ይጠጣል፤ ሲያባራ ሣሩ በየቅጠሉ ጫፍ ብርሃን ይዞ ይቆማል፤ በዚያ ላይ መኪና መንዳት እግዜር የጻፈውን እንደ መሰረዝ ይመስለኝ ነበር። ፓርኪንግ የምንለማመደው ሲሚንቶ በተሞሉና ዱላ በተተከለባቸው የቀለም ጣሳዎች መሃል ነው። ጣሳዎቹን በየጠዋቱ ራሱ ይደረድራል፣ ራሱ ይሰበስባል፤ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

አንድ ቀን ጠዋት ሜዳው ጠርዝ ላይ ባለው የመብራት ምሰሶ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። አዲስ የሚመረጠው ምክር ቤት የሜዳውን ዕጣ ይወስናል ይላል። ጋሼ ፍሬን ከመኪናው ሳይወርድ አነበበው። ጨረቃዋ ከእግሩ ሥር ጠፍታ ቀረች።

"ሜዳዬን ሊበሉት ነው" አለ።

"የእርስዎ ነው እንዴ?"

"ታዲያ የማን ነው? ቀን ከሌት የሚውልበት ማን ነው? እሱ ከሄደ የት ላስተምር ነው? ዋናው አስፋልት ላይ? አንቺን ይዤ? ስንት ሰው ይለቅ?"

"ታዲያ ይወዳደሩና 'ሜዳው እንዳለ ይቅር' ይበሉ።"

ወደ እኔ ዞሮ እንደ ሕፃን አየኝ። "ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይሄንን ነው? 'ይቅር' ብሎ የተመረጠ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሰው የሚመርጠው 'ይምጣ' የሚለውን ነው።"

በሳምንቱ የጋሼ ፍሬን ፎቶ በየግንቡ ተለጠፈ። ክራቫት አሥሯል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ መንጃ ፈቃድ ፎቶ ፈጥጧል። ከሥሩ በትልቁ "ሚዛናዊ ዕድገት" የሚል ተጽፏል።

ስለዚህ ቃል አንድ ነገር ልበል። ከራዲዮ ነው የወሰደው። ቃላት ወዳጆቼ ናቸው፤ ቢደክሙም አዝንላቸዋለሁ። ይህኛው ግን ድካም የማያውቅ ነው፤ ሥራ ሠርቶ አያውቅማ። ሚዛናዊ ዕድገትን የሚቃወም ሰው እስካሁን ከእናቱ ማኅፀን አልወጣም። "ሚዛን የጎደለው ዕድገት ይሁንልኝ" የሚል ማን ነው? ጋሼ ፍሬን ይህን ወዲያው ገብቶታል። ቃሉን እንደ ቄንጠኛ ባርኔጣ አጥልቆ ወጣ፤ ፀሐይም ዝናብም አያስገባም።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ስፌት መኪናዋ በረንዳው ላይ ነው፤ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለምትሠራ የምትናገረው ሁሉ በስፒሎቹ መሃል ተጣርቶ ነው የሚወጣው። ከትምህርት በኋላ እዚያ ቁጭ እል ነበር። የምርጫ ወረቀቱን ያነበበላት ቀን እኔም ነበርኩ።

"'ቅድሚያ የምሰጣቸው ጉዳዮች'" ብሎ ጀመረ ጉሮሮውን ጠርጎ። "'አንደኛ፣ በሜዳው ላይ ዛፍና መቀመጫ ያለው መናፈሻ።'"

"ይሄ ለማነው?"

"ለላይ ሰፈር። የባንክ ጡረተኛው ውሻውን የሚያናፍስበት አጥቷል። 'አንደኛ፣ በሜዳው ላይ ጣሪያ ያለው ገበያ።'"

"አንደኛ አላልክም እንዴ አሁን?"

"ይሄኛው ወረቀት የታች ሰፈሩ ነዋ! ሌላ ወረቀት ነው። 'አንደኛ፣ በሜዳው ላይ ዘመናዊ ፎቅ፣ ከሥሩ ሱቅ ያለው።' ይሄ ለኮንትራክተሩ ነው፣ ለቅስቀሳ የመኪና ድምፅ ማጉያውን ስለሰጠኝ።"

ባለቤቱ ስፌቱን አቆመች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እያወጣች የስፒል ትራሷ ላይ ሰካች።

"አንተ ሰውዬ፣ ከተማሪዎችህ ጥያቄ አንዱን ልጠይቅህ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሦስት መኪና ከሦስት አቅጣጫ መጣ። ሦስቱም ቅድሚያ የእኔ ነው ብለው ገቡ። ምን ይባላል?"

"ግጭት ነዋ" አለ ሳያስብ።

"እሱን ጻፍበት ከሥሩ።"

"አይገባሽም" አለ ወረቀቱን እያጠፈ። "ሦስቱም ሲጎትቱት እኩል ይሆናል። እኩል ሲሆን ደግሞ አይነቃነቅም። ሜዳዬ ባለበት ይቀራል። ሚዛን ማለት ይሄ ነው።"

እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ብልህ መሰለኝ። ሁለት ባላ ትከል ይባላል፤ ይሄ ሰውዬ ሦስት ተከለ። ባለቤቱ ግን ስፒሎቹን መልሳ ከንፈሯ ውስጥ ከተተች። "የማይሆን ነገር ለሚስትህ አትንገር" አለች በመሃላቸው፣ ፔዳሏንም ረገጠች። የእሷ ሲረገጥ ነው የሚሄደው።

ቅስቀሳውን በጣሳዎቹ አደረገው። ጠዋት የባንክ ጡረተኛውና ጎረቤቶቹ ሲመጡ ጣሳዎቹን በክብ ይደረድርና "እዚህ ዛፍ፣ እዚህ ዛፍ፣ እዚህ እርስዎ ጋዜጣዎን ያነባሉ" ይላል። እነሱ ሲሄዱ፣ ቀትር ላይ፣ ጣሳዎቹን በሁለት ረድፍ ያሰልፍና ለታች ሰፈር ሴቶች "ይሄ የአትክልት መደብ፣ ይሄ የልብስ" ይላል። ለኮንትራክተሩ ጣሳዎቹ ምሰሶ ሆኑ። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ተራዬን እየጠበቅሁ አያለሁ። አንድ የሲሚንቶ ጣሳ በአንድ ቀን ውስጥ ዛፍም፣ የቲማቲም መደብም፣ የፎቅ ምሰሶም ሊሆን መቻሉ ደነቀኝ። እኛ ገጣሚዎች ለዚህ ስንት ሌሊት እንሰቃያለን!

ምርጫው ሲቃረብ ግን አንድ ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። የጠዋቶቹ እንግዶች በየቤታቸው ተጠልለው ቆዩ፤ የቀትሮቹ ደግሞ ደመናውን ፈርተው ቀድመው ወጡ። ሲያባራ ሦስቱም ወገኖች ከሦስት አቅጣጫ ሜዳው ላይ ደረሱ። እኔ መሪውን ይዤ፣ እሱ መሃል ሜዳ ላይ አንድ ጣሳ ታቅፎ።

"መናፈሻው የት ነው?" አለ የባንክ ጡረተኛው ጃንጥላውን እያጠፈ።

"የምን መናፈሻ?" አሉ የጋሼ ፍሬን ታላቅ እህት። ቲማቲም ሻጭ ናቸው፤ ቅርጫታቸውን ከራሳቸው ሳያወርዱ ነው የመጡት። "ገበያ ነው እንጂ!"

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መሠረት ሊወጣ ነው እኮ እዚህ!" አለ ኮንትራክተሩ።

ጋሼ ፍሬን ጣሳውን አስቀመጠ። አነሣው። ሌላ ቦታ አስቀመጠው። "ሁሉም በሚዛኑ!" አለ። "መናፈሻው ከዚህ እስከዚህ፣ ገበያው ከሱ ጎን፣ ፎቁ ወደ ላይ ስለሚሄድ ቦታ አይዝም..."

"ዛፉ ታዲያ ገበያው ውስጥ ነው የሚበቅለው?"

"ቲማቲሜን ውሻው ሊሸናበት?"

ሣቅ ሆነ። ጭቃው ውስጥ ቆመው እርስ በርሳቸው ይሣቁ ጀመር፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አብረው ሲሥቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እህቱ ግን አልሣቁም። ቅርጫታቸውን በአንድ እጅ ደግፈው ቀረብ አሉትና ዝግ ባለ ድምፅ፣

"አንተ ልጅ፣ አንተስ? የት ልታስተምር ነው?" አሉት።

ያቺ ቅጽበት በር ነበረች። "እዚሁ" ማለት ይበቃው ነበር። "እዚሁ ነው የማስተምረው፤ ሜዳው ካልቆየ ሥራ የለኝም፤ ደግሞ ጎርፉን ማን ሊጠጣላችሁ ነው?" ቢል፣ እምላለሁ፣ ግማሾቹ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር። መሪውን ጨብጬ በልቤ ገፋሁት። እሱ ግን ክራቫቱን አስተካከለ።

"እኔ ለራሴ ጥቅም አልቆምኩም፣ እትዬ" አለ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

አጨበጨቡለት።

አሸነፈ። እንዴት እንዳሸነፈ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ በኋላ ከየአፋቸው ስለቃቅም ገባኝ። የባንክ ጡረተኛው የተታለሉት ታች ሰፈሮች ናቸው ብሎ አመነ። ታች ሰፈሮች የተታለለው ጡረተኛው ነው ብለው አመኑ። ኮንትራክተሩ ሁለቱም ተታለሉ ብሎ እየሣቀ መረጠው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሚዛናዊ ሰው ይገባዋል።

የሜዳው ጉዳይ ለውሳኔ የቀረበበት ቀን እኔና ባለቤቱ ከአዳራሹ ኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የመጣው ሐሳብ መናፈሻም አይደለም፣ ገበያም አይደለም፣ የኮንትራክተሩ ፎቅም አይደለም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡት፦ ምክር ቤቱ የራሱን አዲስ ሕንፃ ሜዳው ላይ ይሠራል፤ ከመኪና ማቆሚያ ጋር። ምክንያቱ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአካባቢውን ዕድገት ሚዛናዊነት በቅርበት ለመከታተል።

ባለቤቱ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ቃሉን ሰረቁት" አለችኝ በጆሮዬ።

እጅ ወጣ። ድጋፉና ተቃውሞው እኩል ሆነ፤ የቀረው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። እንግዲህ ያ የተመኘው ሚዛን መጣለት፦ ሁለቱ ወገን እኩል ቆሞ፣ ምንም ሳይነቃነቅ፣ እሱ አንዲት ቃል እስኪተነፍስ። ከኋላ ሆኜ በጠረጴዛው ሥር እግሩ ታየኝ። ቀኝ እግሩ ወለሉን እየረገጠ ነበር። ይረግጣል፣ ያነሣል፣ ይረግጣል። ከጣውላው በታች የሚይዝ ነገር አልነበረም።

"ክቡር አባል፣ ድጋፍ ነው ተቃውሞ?"

ተነሣ። "ላይ ሰፈርንም ታች ሰፈርንም ባገናዘበ መልኩ፣ የሁሉንም ፍላጎት ሚዛን በጠበቀ ሁኔታ፣ ዕድገታችን..."

"ድጋፍ ነው?"

"ማለቴ፣ ሁለቱንም ጎን..."

"አመሰግናለሁ። ድጋፍ" አሉ ሰብሳቢዋ፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። እሱ አልተቀመጠም፣ አልተናገረምም። ሰዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ሲነሡ እሱም ቀድሞውኑ ቆሞ ስለነበር ከእነሱ ጋር የተነሣ መሰለ።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤቱ በሩ ላይ ቁልፉን እያዞረች፣ "ዕድሜህን ሙሉ የሰው ፍሬን ስትረግጥ ኖርክ" አለችው። "አንድ ቀን የራስህ ሲመጣ፣ እንደ ተማሪዎችህ ዞረህ ፈታኙን አየህ።"

"አየሩ ቀዘቀዘ" አለ።

ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ተማሪ የሚያስተምርበት ቦታ የለውም፤ የያዛቸውን ተማሪዎች አሰናበተ። ጣሳዎቹ በረንዳው ላይ ከዩኒፎርሙ ጥቅል ጎን ተደርድረው ቀሩ። ባለቤቱ አንዱን ዱላውን ነቅላ የበር ማቆሚያ አድርጋዋለች። እኔ ዕድለኛ ነኝ፤ ከመታጠሩ በፊት ተፈትኜ አለፍኩ። ሚስጥሩ ቀላል ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እግሩን አላመንኩትም፤ የራሴን ረግጫለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ደወለልኝ። ስብሰባ እንዳለበትና ሚስቱ ስፌት ስለበዛባት እኔ እንዳደርሰው ጠየቀኝ።

"ራስዎ አይነዱም?"

"የምክር ቤት አባል 'ለማጅ' የሚል መኪና ሲነዳ ምን ይባላል? አንቺ ብትነጂ ግን ያምርብሻል።"

"ሰሌዳውን አውርደውት አይነዱም?"

"ዝጓል፣ አልወርድ አለ።"

መኪናዋ ውስጥ ስገባ በተለመደ ቦታው ተቀመጠ። አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጓል፤ የተወለወለ። ሳላስበው ዐይኔ ወደ ወለሉ ሄደ። ጨረቃዋ በርታለች፣ ሙሉ ሆና። የሚረግጣት አልነበረም፤ ጫማው እንዳይፋቅ እግሮቹን ከወንበሩ ሥር አጥፎ ደብቋቸዋል።

በቆርቆሮው አጥር ጎን ቁልቁል ወረድን። በሩ አጠገብ ስንደርስ አሸዋ አራግፎ የሚወጣ የጭነት መኪና በኋላ ማርሽ ድንገት ወደ መንገዱ ብቅ አለ። በድሮው ልማድ እጠብቃለሁ፣ እግሩ አይመጣም። አየሁት፤ በመስኮቱ ወደ ሌላ ወገን ያያል፤ አጥሩን ላለማየት። በራሴ እግር፣ በራሴ ፍሬን ቆምኩ። መኪናው ከአፍንጫችን ፊት አለፈ፤ አሸዋው ከኋላው በፀሐይ ውስጥ እንደ ወርቅ ዱቄት ፈሰሰ። በዚያ ቅጽበት እንኳ ማማሩ አስደነገጠኝ።

"ጋሼ፣ አላዩትም?"

"አይቼዋለሁ" አለ። "አንቺ ትይዣለሽ ብዬ ነው።"

ከዚያ ትንሽ ሄደን፣ "ከዳገቱ ማዶ ሌላ ሜዳ አለ ይላሉ" አለኝ። ድምፁ ሞቅ ብሎ ነበር። "ገና ሰው አልነካውም። የዛሬው ስብሰባ ስለሱ ነው። በደንብ ከተያዘ፣ ሚዛኑ ከተጠበቀ..."

"እዚያ ማስተማር ይፈልጋሉ?"

"ይሄን እንኳ አሁን መናገር ጥሩ አይደለም።"

ምክር ቤቱ ሊደርስ መታጠፊያው ላይ አስቆመኝ። ጓደኞቹ ከሰሌዳው ሥር ሲወርድ እንዳያዩት ነው። ወረደ፣ ክራቫቱን አስተካከለ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ጎበዝ ነጂ ሆነሻል፤ የእኔ እጅ ነው" አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ መስቀለኛው መንገድ ሄደ። ጠርዙ ላይ ቆመ። ከግራ ለመጣው መኪና በእጁ እለፍ አለው፤ ከቀኝ ለመጣውም እለፍ አለው፤ ከፊት ለፊት ለመጣው ብስክሌት ጎንበስ ብሎ እለፍ አለው። ቆመው እሱን የጠበቁትንም ሁሉ እያሳለፈ፣ ሁሉም ጥሩንባ እያሰሙበት፣ በአዲሱ ጫማው የሌሊቱ ዝናብ ያቆረውን ውሃ እየዘለለ ተሻገረ፤ ወደ ኋላም ሳይዞር ሄደ።